«ከጫጫታ ይራቁ» እያለ ለሚጮኸው ሞንታርቦ ባለቤት

ለክቡር አቶ ተድላ፣ የጤናማ ኑሮ ንቅናቄ አስተባባሪ፤
ቦንጋ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የጠነከረ፣ እንቅልፍዎም ከእኛ የተወሰደውን ሁሉ የጨመረ እንዲሆን እየተመኘሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከቤቴ ፊት ለፊት ሞንታርቦ አሰቅለው፣ ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ እስኪመሽ ድረስ ጭንቀትን በቀላል የዕለት ልማዶች ስለማቃለል በራስዎ ድምፅ ስለሚያስተምሩን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝና ትምህርትዎን እንደ ልማዴ በተራ አርሜዋለሁ።

አንደኛ፣ «በቂ እንቅልፍ ይተኙ» ይላሉ። ባለቤቴ ወይዘሮ ይመኙሻል ስትሮክ መትቷት አልጋ ከያዘች ወዲህ ሐኪሟ አጥብቆ ያዘዘላት ጸጥታ ነው። ምክርዎን ልትፈጽም ዐይኗን በከደነች ቁጥር ምክርዎ ይቀሰቅሳታል።

ሁለተኛ፣ «ከጫጫታ ይራቁ» ይላሉ። መራመድ የማትችል ሴት እስከ የት እንድትርቅ እንደፈለጉ ቢያብራሩልን መልካም ነበር። እርስዎ የሚኖሩበትን ኮረብታ አይቼዋለሁ፤ ከሞንታርቦው በእጅጉ የራቀ፣ ለዕረፍት የተመቸ ስፍራ ነው።

ሦስተኛ፣ «በጥልቀት ይተንፍሱ» የሚለውን በተግባር ተምሬዋለሁ። ድምፁ እንዲቀነስ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ በለመንኩዎ ጊዜ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ራሱ የጭንቀት ምልክት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ዎክ ያድርጉ» ብለው ሲሸኙኝ፣ እስከ ቤቴ ድረስ የተነፈስኩት ሁሉ ጥልቅ ነበር።

አንድ ጉድለት ግን ልጠቁምዎ እገደዳለሁ። በእኛ ቁልቁለት የሚወርዱ የባጃጅ ሾፌሮች የይመኙሻልን መታመም ከሰሙ ወዲህ፣ ደጃችን ሲቃረቡ ሞተር አጥፍተው በዝምታ ይንሸራተታሉ። ሰሚር የተባለው ሾፌርማ ጮክ ብሎ የሚያወራ ተሳፋሪ ሲያጋጥመው፣ «ዝቅ አርገው ወንድሜ፣ እዚህ ቤት የታመመ ሰው አለ» ይላል። ከዋጫ ከተማ ልትጠይቃት የመጣችው እህቷም በሹክሹክታ አጽናንታት ተመለሰች። ምናልባት ንቅናቄዎ እስካሁን ስላልደረሳቸው ይሆናል።

አልጋ በሚይዙበት ቀን፣ አስታማሚዎ የሰሚርን ልማድ እንጂ የእርስዎን ምክር የማያውቅ ሰው እንዲሆንልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣
በጥልቀት የምተነፍሰው፣
መምህር ሙሉብርሃን ዋለ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይመኙሻል ከታመመች ወዲህ አንደበቷ ተዘግቶ ነበር። ትናንት ጠዋት ግን ሞንታርቦው እንደተከፈተ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገረች፤ ለሪፖርትዎ ይጠቅማልና ቃል በቃል ልኬልዎታለሁ። «ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚሞተው?» አለች። ደግሜ ደጋግሜ አሰብኩበት፤ የማርመው አላገኘሁም።