ሰባ ስምንት ኪሎ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ፋርማሲው ጭር ብሎ ዋለ። አንድ አባት ልጃቸውን አቅፈው ሽሮፕ ሊገዙ መጡ። የልጁ ኪሎ ስንት ነው አልኳቸው። "አሥራ አምስት… እንጃ፣ ሃያም ይሆናል።" ተቆጣሁ። ኪሎውን በትክክል ካልነገሩኝ መድኃኒቱን በምን ልመጥን? በሩ አጠገብ ያለው ሚዛን ላይ አቆምነው። አሥራ ሁለት! ሰው ግን ለምን ይዋሻል?

ከሥራ በኋላ ብስክሌቴን አየሁት። የኋላ ቸርኬው ጠምሟል፣ ንዝረት የሚውጠው የፊት አሞርዛተር ዘይት ያለቅሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ኮረብታው ላይ ወጥተን ቁልቁለቱን ስንወርድ ጥርሴ ሊረግፍ ይደርሳል። በቃ። ሁሉም ይቀየር።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

ጋሼ ሚሊ ዘንድ ሄድኩ። ብስክሌት ጠጋኝ ናቸው። "ከአንድ ሚሊ በላይ የሚወላገድ ጎማ ከዚህ ቤት አይወጣም" ስለሚሉ ስማቸው ሚሊ ሆኖ ቀረ። ከፊትም ከኋላም አዲስ አሞርዛተር፣ ቸርኬዎቹን ደግሞ ሽቦ በሽቦ ራሳቸው ሊሠሩልኝ ተስማማን።

"ኪሎህ ስንት ነው፣ ዶክተር?" (ፋርማሲስት ነኝ፤ ግን ማን ሰምቶኝ።) "የአሞርዛተሩን አየር ልክም የሽቦውን ብዛትም የምወስነው በሱ ነው።"

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም አብሮኝ ነበር። ቀጭኔ እንለዋለን፤ ቁመት እንጂ ጎን የለውም። ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል።

ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "ሰባ ስምንት" አልኩ።

ውሸት እንኳ አይደለም… የሠርጌ ቀን ሰባ ስምንት ነበርኩ።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

አለቀ! ሲያምር! ቸርኬው ሲሽከረከር የቆመ ይመስላል።

"እስቲ ቁጭ በልበት" አሉ። አሞርዛተሩ እግር ላይ ትንሽ የጎማ ቀለበት አለች፤ ሰው ሲቀመጥ ምን ያህል እንደሚሰምጥ የምታሳየው እሷ ናት። ላብ ላብ አለኝ። ምን ላድርግ? ግራ እጄን ግድግዳው ላይ፣ ቀኝ ክርኔን ጠረጴዛው ላይ… ግማሽ ሰውነቴን አንጠለጠልኩት። ትንፋሼንም ያዝኩ፤ ትንፋሽ ስንት ኪሎ እንደሆነ እንጃ።

ጎንበስ ብለው ቀለበቷን ለኩ። "ልክ ሰባ ስምንት! ይሄ ዓይን መቼ ይስታል" ብለው ሳቁ።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ጉድ ሆንኩ።

የመጀመሪያው የዛፍ ሥር ላይ ጓ! አሞርዛተሩ እስከ ታች ሰምጦ ተጋጨ። ድንጋዩ ላይ ጓ! ሦስተኛው ላይ ከኋላዬ ጧ… ጧ… ሁለት ሽቦ ተበጠሰ። ቸርኬው እንደ ሰካራም ተወላገደ። ቀሪውን መንገድ ብስክሌቱን ተሸክሜ ወረድኩ። ልሸከመው ነው እንዴ ያሠራሁት?

ቀጭኔ ከታች ቆሞ፣ "ጋሼ ሚሊ አርጅተዋል ማለት ነው" አለ። ሌሎቹ ጓደኞቼም አዎ፣ አዎ። አንደኛው እሳቸው ጋ ያዘዘውን ቸርኬ ሌላ ቦታ ሊያሠራ ነው። እኔስ? ጭራሽ በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ መሰለኝ።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ብስክሌቱን መለስኩት። ጋሼ ሚሊ የተበጠሱትን ሽቦዎች መዳፋቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩአቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"አርባ ዓመት… አንድ ቸርኬ ተመልሶብኝ አያውቅም።"

ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን "ቸኩያለሁ ጋሼ" ነው።

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

ምሳዬን ተውኩት። ባለቤቴ ደነገጠች። ይሄ ታይቶ አይታወቅም።

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

ጋሼ ሚሊ ፋርማሲ መጡ። አምስት ሰው ተሰልፏል። ተራቸውን ጠብቀው ባንኮኒው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ዶክተር፣ ለዓይን የሚሆን ጠብታ አለህ? ለእጅም የሚያጸና ነገር ካለ…"

ምን ሆኑ?

"ቸርኬ መሥራት ልተው ነው። ፍሬን ማጥበቅና ጎማ መለጠፍ ይበቃኛል። ቸርኬው ሰባ ስምንት ኪሎ አቅቶት አይደለም እኮ፤ እኔ ነኝ የሳትኩት።" እጃቸውን ዘረጉልኝ። "እያት፣ አትንቀጠቀጥም?"

አትንቀጠቀጥም። ያወረድኩትን ጠብታ መደርደሪያው ላይ መለስኩት። እንዲህ ያሉ ሰው በኔ ምክንያት ሥራቸውን ሊተዉ? እኔ ደግሞ ላልታመመ ዓይን ጠብታ ልሸጥላቸው?

ከባንኮኒው ወጣሁ። ጫማዬን አወለቅኩ። (ለምን አወለቅኩት? እስከ መጨረሻው ተስፋ አልቆረጥኩም መሰለኝ።) ሚዛኑ ላይ ወጣሁ።

"ጋሼ፣ ቁጥሩን ያንብቡልኝ።"

ከቆሙበት ሳይነቃነቁ፣ ያለ መነጽር፣ "ዘጠና ስድስት ነጥብ አራት" አሉ።

"ዓይንዎ ደህና ነው። ያን ቀን ግድግዳውን ይዤ ነበር።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ… ግን ይሄን ሁሉ ኪሎ እንዴት አድርጋ? ጋሼ ሚሊ ሚዛኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ የገዛ እጃቸውን አገላብጠው አዩ።

"አሥራ ስምንት ኪሎ! አንድ ሙሉ ልጅ ደብቀህብኝ ነበር? አራት ቀን እኮ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ አንተ!"

በሩን ወርውረው ወጡ። ከሰልፉ አንዲት ሴትዮ ጠጋ ብለው፣ "ዶክተር፣ ቅድም ስልሳ ያልኩህ… ሰባ አንድ ነኝ" አሉኝ።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ኮረብታው ሥር ለሁሉም ተናገርኩ። ቁጥሩን ከነነጥቡ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የጋሼ ሚሊ አይደለም አልኩ። ቀጭኔ ሳር ላይ ተንከባለለ። ይሳቅ። ቸርኬውን ሌላ ቦታ ሊያሠራ የነበረው ግን ስልኩን አውጥቶ ጋሼ ሚሊ ጋ ደወለ።

ባለቤቴ ምንም አልገረማት። "ሱሪህን በየዓመቱ የማሰፋልህ እኔ አይደለሁ እንዴ?"

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ጋሼ ሚሊ አስጠሩኝ። ብዙ ሽቦ የሚይዝ ጠንካራ ቸርኬ አድርገው እንደ አዲስ ሠርተውታል። አሞርዛተሩንም በልኬ ነፍተውታል። እግሩ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፈው በትልቁ "96.4" ጽፈውበታል።

"ጋሼ፣ ይሄ ነገር ቢነሣ…"

"አይነሣም።"

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ቁልቁለቱን ወረድኩ። ጓ የለም፣ ጧ የለም። ጎማው ድንጋዩን እየዋጠ… ብቻዬን እየሳቅኩ ደረስኩ። ቀጭኔ ከኋላዬ እንደ ኳስ ይነጥራል። ማታ ላይ ጋሼ ሚሊ ጋ ሄዶ በጆሯቸው አንሾካሾከ አሉ። ለካ እሱም የራሱን ብስክሌት ሲያሠራ ሰባ ብሏቸው ነበር። ስልሳ አንድ ነው!

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

ዛሬ ጠዋት ሚዛኑ 94.9 አለ። ፋርማሲውን ለረዳቴ ትቼ ሮጥኩ። ጋሼ ሚሊ ቤት ሰባት ቸርኬ ተሰቅሏል፣ ሁሉም ትእዛዝ። ስምንተኛውን እየሠሩ ነው።

"ጋሼ፣ ፕላስተሩ ይቀየርልኝ! ቀንሻለሁ!"

ቀና አላሉም። ከጠረጴዛው ሥር በእግራቸው አንድ ሚዛን ገፍተው አወጡ። አዲስ ነው፤ ለኔ ብለው ነው የገዙት? ጫማዬን አውልቄ ወጣሁበት።

"ዶክተር" አሉ፣ ዓይናቸውን ከሽቦው ሳይነቅሉ። "ግድግዳውን ልቀቅ።"

ለካ ይዤዋለሁ።