ሁለተኛውን ጥሪ ስጠብቅ

ጥቅምት 4 ቀን 1957

ዛሬም ዝናብ። በጥቅምት! ከቤት እስከ መሥሪያ ቤት ጭቃ ስረግጥ ደረስኩ። ሶዶ ጫማ ለሚወድ ሰው አትሆንም።

አዲሱ አለቃችን አቶ ደገፉ አስጠራኝ። የቦምቤ ሰው ነው፣ የዚሁ አገር ልጅ፤ ሚሲዮን ተምሮ፣ አዲስ አበባ ሠርቶ የመጣ። አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ ሰው በር ላይ አያስቆምም። ታዲያ አለቃነቱ በምን ይታወቃል? አዲሱ አዳራሻችን ቅዳሜ ሳምንት ይመረቃል። ፈረንጆችም ስለሚመጡ የጥሪውን ካርድ በእንግሊዝኛም አዘጋጅ አለኝ።

መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። "ኢንቫይት"። መጥራት። መጋበዝ። እንዲመጣ በትሕትና መጠየቅ። ደግሞ አለ... ጣጣን በገዛ እጅ መጥራት። ይኼም ግብዣ ሆኖ! ገጹን ደጋግሜ አየሁት። መለመን የታለ? እጅ መጎተት የታለ? "በሞቴ" የታለ? አንዴ ጠርቶ ዝም! የተጠራውስ ሰው መቼ ይግደርደር?

ጥቅምት 6

እዚህ እንኳ ልጻፈው፤ ለሰው አልነገርኩም። ፀዳለ። ትምህርት ቤት ስፌት የምታስተምረዋ። ስታልፍ ሰላም ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። እስካሁን የደረስነው እዚህ ድረስ ነው።

አባቷ አቶ ቦጋለ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። እናቴ በዘዴ ነካ አድርጋቸው ነበር። "ልጁን አላውቀውም። በምርቃቱ ቀን ከሰው እኩል ተቀምጦ ልየውና ሽማግሌውን ያኔ ይላክ" አሉ። ከሰው እኩል... ጸሐፊ ሰው አይደለም እንዴ?

ብቻ ነገሩ ቁርጥ ነው። አዳራሹ ውስጥ ወንበር ካላገኘሁ ፀዳለንም አላገኝም። የሁሉንም ካርድ የምጽፈው እኔ ነኝ። የእኔን ማን ይጻፈው? ራሴን ልጥራ? ነውር ነው።

ጥቅምት 9

ተጠራሁ!

አቶ ደገፉ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። "አድነው፣ ቅዳሜ ከእንግዶቹ ጋር ብትቀመጥ ደስ ይለኛል።" ልቤ ዘለለች። ግን ያሳደገኝ ቤት አለ፤ እንደ ተራበ ሰው "እሺ" ይባላል? "ኧረ ጌታዬ! እኔ ማነኝና! እዚያው ጓዳ ሳግዝ እውላለሁ" አልኩ አንገቴን ደፍቼ። በጣም አማረብኝ።

"ጥሩ፤ እግዚአብሔር ይስጥህ" ብሎ ሄደ።

ነገ ይመለሳል። ያኔ "ይቅርብኝ ጌታዬ" እላለሁ፣ ለስለስ አድርጌ። "በሞቴ" ሲለኝ እሺ እላለሁ። ካቦርቴን ማስተኮስ አለብኝ።

ጥቅምት 10

አልተመለሰም። ሥራ በዝቶበት ይሆናል።

ጥቅምት 12

በበሩ አለፍኩ። ተመልሼ አለፍኩ። ሳልኩ። "ብርድ መቶሃል፤ ቤትህ ሂድ" አለኝ። ምን ዓይነት ልብ ነው የሰጠው?

ከሰዓት በኋላ አስጠራኝ። ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ... ለካ ማኅተሙ ጠፍቶበት ነው።

ታይፒስታችን አስካለች የቦዲቲ ልጅ ናት፣ አማኝ፤ የሚሲዮኖቹን ሃይማኖት የያዘች። ነገሩን ሳወራላት ሳቋ መጣ።

"አልፈልግም ብለሃላ! እሱ ደግሞ አመነህ። እኛ ቤተ ክርስቲያን እየፈለጉ አልፈልግም ማለት ውሸት ነው።"

"ውሸት አይደለም፤ ጨዋነት ነው።"

"ታዲያ ጨዋነትህን ይዘህ ጓዳ ግባ። ወይ ሄደህ እፈልጋለሁ በለው።"

በስመ አብ! ጥሩኝ ብሎ መለመን! ከዚያ ሞት ይሻላል።

ጥቅምት 14፣ ቅዳሜ

ሞት አይሻልም። ዛሬ አየሁት።

ካቦርቴን አስወልቀው ሽርጥ አሰሩልኝ። ጠጅ ለጠጪው፣ ብርዝ ለአማኞቹ፣ ቁርጡ ለሁሉም። ሰው ሁሉ ተቀምጧል። ጸጉር አስተካካዩ ሳይቀር! እሱንም ሲጠሩት ሰምቻለሁ፤ "እሺ" ለማለት ትንፋሽ እንኳ አልወሰደም። ሆዳም ብዬው ነበር በልቤ።

አቶ ቦጋለ ከፊት ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ወንበር ለወንበር ይዞራል። እኔን እየፈለጉ ነው! ስጋውንና የሚያቃጥለውን ዳጣ ይዤ ፊታቸው ቆምኩ። ቀና አሉ። አሁን ያውቁኛል ስል...

"አንተ ልጅ፣ ዳጣ ጨምርልኝ።"

ጨመርኩላቸው። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ ሴቶቹን ዳጣው ዓይኔ ገባ አልኳቸው።

ጥቅምት 16

አልቻልኩም። አቶ ደገፉ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም፣ የፀዳለንም ጉዳይ፣ አፈረጥኩት።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ጌታዬ አንዴ ብቻ ነው የጠየቁኝ!"

"ስንቴ ልጠይቅህ ኖሯል?"

"ሰው እንደሚጠየቀው ነዋ!"

ፈገግ አለ፤ ወዲያው ግን አዘነ። "እኛም ቤት ድሮ ይለመን ነበር። አባቴ ካመነ ወዲህ ተወው፤ እኔም በዚያው አደግሁ። በድዬሃለሁ። ለአቶ ቦጋለ እኔ ሽማግሌ ሆኜ እሄድልሃለሁ" አለ። አለቃዬ ሽማግሌዬ! ከወንበሩ ይበልጣል። ይኼን ግን ቶሎ ብዬ እሺ አልኩ።

ጥቅምት 22፣ እሑድ

ጉድ! ጉድ! ጉድ!

አቶ ደገፉና አጎቴ ሄዱ። አቶ ቦጋለ ወግ ነውና "ልጅቷ ገና ናት፤ ለመዳር አላሰብንም" አሉ። ማንም የሴት አባት የሚለውን። ሽማግሌ ይኼኔ ይለምናል፣ ቀን ያስቆርጣል፣ ተመልሶ ይመጣል። አቶ ደገፉ ምን አለ? "እሺ፤ ሐሳብዎን እናከብራለን። ደኅና ይዋሉ።" አጎቴን ክንዱን ይዞ አስወጣው!

አጎቴ ቤት ሲገባ ነጠላውን መሬት ወረወረ። "ሰው አጥተህ ነው ይኼን የላክኸው?" ነገ እንደገና ይሂዱ አልኩ። "እኔ ከእሱ ጋር? አልሄድም!" አቶ ደገፉም እምቢ የተባለበትን ደጅ ሁለተኛ አይረግጥም። ይኼ ሰው ወንበሬን ነሳኝ፣ አሁን ደግሞ ሚስቴን።

ጥቅምት 27

አቶ ቦጋለ በመሥሪያ ቤታችን ደጅ ሲያልፉ አየሁ። ተመልሰው አለፉ። ሳሉ።

ኧረ ይችን ሳል አውቃታለሁ!

ከሰዓት በኋላ ፀዳለ ራሷ መጣች። "ሽማግሌዎችህ ምነው ቀሩ? አባባ በር በሩን ሲያዩ ሰነበቱ።"

"እምቢ አሉ ተባለ..."

"እምቢ ማን አለ? ገና ናት ነው ያሉት!" ከንፈሯን ነከሰች። "እሑድ ሳምንት ምሳ እኛ ቤት ና። ሽማግሌ አታስከትል። የጠራሁህ እኔ ነኝ።"

ልግደረደር አፌን ከፈትኩ። ዓይኗን አየሁት፤ እንባ ሊያመልጣት ነው። እሺ አልኩ።

ኅዳር 6፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ሄድኩ። አቶ ቦጋለ ገበታ ቀርበዋል። አፈጠጡብኝ።

"አንተን የት ነው የማውቅህ?"

"ዳጣ የጨመርኩልዎት እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።"

ፀዳለ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ ግን አንዴ ጀምሬአለሁ። "ሲጠሩኝ ተግደርድሬ ነው ስጋ ሳዞር የዋልኩት። በልጅዎ ግን አልግደረደርም። እፈልጋታለሁ።"

ይኼ ሁሉ ከእኔ አፍ ወጣ! እናቴ ብትሰማ ትታመማለች።

ሊቆርሱ የያዙትን እንጀራ መልሰው አስቀመጡ። ያባርሩኛል ብዬ በሩን አየሁ። ኋላ ቀስ ብለው "እኔም ሰዎችህን ስጠብቅ ልሞት ነበር" አሉ፤ ለእኔም አይመስል፣ ለራሳቸው።

አግዳሚው ላይ ጠጋ አሉና አጠገባቸው ቦታ ለቀቁ።

"ተቀመጥ።"

አንዴ ብቻ ነው ያሉት። ተቀመጥኩ።