ከፉሪው ቤት የሚወጡ ዕቃዎችና የአሥራ ሁለቱ ሳህኖች ነገር

እኔ እሸቴ ውብአየሁ፣ ዕድሜዬ ሰባ ስድስት፣ ነዋሪነቴ ፉሪ፣ ዛሬ ቅዳሜ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰውነቴ ቢዝልም አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ ይህን የመጨረሻ ቃሌን በሰፈሬ ሰዎች ፊት እናገራለሁ። የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ ሰላሃዲን ነው። ያልሁትን ሳያሳምር እንዲጽፍ አዝዤዋለሁ።

የቸኮልሁት ሞት ስለጠራኝ አይደለም። የፊታችን ሐሙስ ይህን ባለ አራት ክፍል ቤት ለቅቄ ሱሉልታ፣ ልጄ ቢታንያ ግቢ ውስጥ ወዳለችው አንዲት ክፍል እገባለሁ። ክፍሏ አልጋና ወንበር ትይዛለች፤ ከዚያ በላይ ካስገባሁ እኔ ውጭ ማደሬ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዕቃ ሳወጣ ሳስገባ ከረምሁ። ሰው ይህን ሁሉ ለምን ይሰበስባል? ደክሞኛል።

ቤቱን ለቢታንያና ለወንድሟ ለባርናባስ እኩል ሰጥቻለሁ። በዚህ ላይ ክርክር አልሰማም።

ቡፌውን ባርናባስ ይውሰድ። ባለቤቴ እናትነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሠላሳ ዓመት ስትወለውለው ኖራ በውስጡ ባሉት ብርጭቆዎች አንድ ቀን ውሃ አልጠጣንም፤ «ለእንግዳ ነው» ትል ነበር። ባርናባስ «አባባ፣ ይሄ እኮ በኮንዶሚኒየም በር አያልፍም» ብሎኛል። እንግዲያው ፈታትቶ ያስገባው። በብርጭቆዎቹ ግን ይጠጣ።

የእናትነሽ ልብስ ከነሣጥኑ ለቢታንያ ነው። ስከፍተው ሽታዋ መጣብኝና መልሼ ዘጋሁት። በጣም ትናፍቀኛለች።

ትልልቆቹ ድስቶችና አግዳሚ ወንበሮች ለእድራችን ይሁኑ። የማይሠራውን ራዲዮና ያረጀውን ጫማ ቆራሌው ሲያልፍ ስጡት።

የቀረው አንድ ነገር ከዕቃው ሁሉ ይከብደኛል።

በ2008 ዓ.ም. ጎረቤቴ ወይዘሮ ቦሰና ለልጃቸው ምርቃት አሥራ ሁለት ሳህን ተዋሱን። በሰፈራችን የተዋሱት ሳህን ከሌላ ሰው ዕቃ እንዳይደባለቅ ከሥሩ ምልክት ይደረግበታል፤ የኛ ምልክት ቀይ የጥፍር ቀለም ነበር። ከወር በኋላ ሳህኖቹን ፈልገን ስናጣ፣ እኔ በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ «ቦሰና የወሰደችውን አትመልስም» አልሁ። እሳቸው «በእጅዎ ነው ያስረከብሁት» ቢሉ ማን ይስማቸው? ከዚያ ወዲህ አንድ ጭልፋ እንኳ ያዋሳቸው የለም። ባላቸው ሲሞቱ ለቀስተኛውን ያበሉት በኪራይ ሳህን ነው። እኔም ተቀምጬ በላሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ከአልጋዬ ሥር አንድ ካርቶን ጎተትሁ። አሥራ ሁለቱም ከነቀይ ምልክታቸው በጋዜጣ ተጠቅልለው አሉ። በሟች ባለቤቴ እንዳላመካኝ ካርቶኑ የታሰረበትን ገመድ አየሁት። ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ጥቅል ሳስር የኖርሁ ሰው የራሴን ቋጠሮ አላጣውም። ተቀብዬ፣ አስሬ፣ ረስቼ፣ የሰው ስም አጠፋሁ። አፍሬያለሁ። ይቅርታ እንደጠየቅሁ እዚህ ይጻፍልኝ፤ ሳህኖቹም ለእድሩ ይሰጡ።

አራተኛ ምስክር ሆነው እንዲፈርሙልኝ ለወይዘሮ ቦሰና ልኬባቸው ነበርና አሁን መጡ። ከበሩ ላይ «አካም ጂርቱ» ብለው ሁሉንም ሰላም አሉ፤ አልተቀመጡም። ሰላሃዲን እስከዚህ ያለውን አነበበላቸው። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ «ኦቦ እሸቴ፣ ይሄ ወረቀት የሚነበበው እርስዎ ሲሞቱ ነው። እኔ እስከዚያ ሌባ ሆኜ ልኑር? ነገ እሁድ እድሩ ይሰበሰባል። እዚያ ይናገሩት፤ ያኔ እፈርማለሁ።»

ሌሎቹ ምስክሮችም ያለ እሳቸው አንፈርምም ብለው እስክሪብቶውን አስቀመጡ። እኔም «መቆም አልችልም፤ ተቀምጬ ብናገረውስ?» አልኋቸው።

«ያን ጊዜ ቆመው ነው የተናገሩት» አሉኝ።

ስለዚህ ፊርማው ለነገ አድሯል።

እሁድ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ከእድሩ ስብሰባ በኋላ ተነብቦልን፣ ቃሉ የተናዛዡ መሆኑን አረጋግጠን ፈርመናል።

ተናዛዥ፦ እሸቴ ውብአየሁ (ፊርማ)
ጸሐፊ፦ ሰላሃዲን (ፊርማ)
1ኛ ምስክር፦ ኦቦ ቀጄላ (ፊርማ)
2ኛ ምስክር፦ አቶ አለሙ (ፊርማ)
3ኛ ምስክር፦ ወይዘሮ ተረፈች (የጣት አሻራ)
4ኛ ምስክር፦ ወይዘሮ ቦሰና (ፊርማ)፤ ቆመው ሲናገሩ ሰምቻለሁ።