አባትህ «ከሰማይ ነው» ያለው ቀን

ለምሳሳለት የበኩር ልጄ፣

ይህ ወረቀት እንዴት ሆነህ ያገኝህ ይሆን? ብርዱ ደረትህን ለቀቀህ? ጓንትህን አውቶቡስ ላይ መርሳት ተውክ? ባለቤትህስ ወገቧን ተሻላት? የትንሿ የፊት ጥርስ በቀለ? እኔ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ ደህና ነኝ። በቁሜ እየዋልኩ ምን ጎደለኝ እላለሁ።

አባትህ ይሠራበት በነበረው የምድር ማግኔት መለኪያ ጣቢያ ዛሬም በጽዳት ላይ ነኝ። ዘንድሮ መለኪያዋ መስመር የሣለችባቸውን የድሮ ወረቀቶች ወደ ኮምፒውተር የምታስገባ አንዲት ወጣት ባለሙያ መጥታለች። እማማ እጅዎ ረጋ ያለ ነው ብላ ወረቀቶቹን እኔ እንድዘረጋላት አደረገች። ባለፈው ማክሰኞ የዚያ ቀን ወረቀት እጄ ላይ ወጣ። አለቃው መስመሩን በቀይ እርሳስ የከበበበት፣ አባትህን ያስባረረው ወረቀት።

ወደ መለኪያዋ ክፍል ብረት ይዞ መግባት መለኪያዋን ስለሚያሳስት ክልክል እንደነበር ታስታውሳለህ። አባትህ የቤት ቁልፉን ደጅ ትቶ ነበር የሚገባው። የቀበቶውን ዘለበት ሳይቀር በነሐስ ስላስለወጠ የሠፈሩ ልጆች አባ ነሐስ ይሉት ነበር። ስትናደድበት አንተም ትለው ነበር።

ያን ቀን እሱ ስብሰባ ተጠርቶ ሄዶ ሳለ ዝናብ ጣለ። ቤታችን እዚያው ግቢ ውስጥ አይደል፣ ብቅ ብዬ ባይ ጣሪያው መለኪያዋ አጠገብ ያንጠባጥባል። ደነገጥኩና የብረት ባልዲዬን ከሥር አስገባሁ፤ ሲያባራ አወጣሁት። አባትህ ተመልሶ ሰው ገብቷል ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ማንም አልኩት። እሱም አምኖኝ ማንም አልገባም ብሎ መዝገቡ ላይ ፈረመ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አለቃው ብረት ይዘህ ገብተሃል ብሎ አፋጠጠው። አባትህ ይህ ብረት አይደለም፣ ከሰማይ የመጣ ነው አለ። ሰማዩን ኪስህ ውስጥ ረስተኸው ገብተህ ይሆናላ ብለው ሳቁበት፤ ከሥራም አባረሩት። ቤት ገብቶ ለእኔም ያንኑ ደገመልኝ። እኔ ግን ባልዲዋን አውቃለሁና ዓይኔን ከዓይኑ አሸሸሁ። አንተም ከቤት የወጣህ ዕለት፣ በዝርክርክነትህ አስራብከን ስትለው እዚያው ቆሜ ነበር። የባልዲዋን ነገር አልነገርኩህም።

ማክሰኞ ዕለት ባለሙያዋን ይህ ምንድን ነው ብዬ እንደማላውቅ ሆኜ ጠየቅኳት። ከፀሐይ የሚነሳው ነፋስ የምድርን የማግኔት መስክ በሌሊቱ በኩል እንደ ጅራት ይጎትተዋል፣ ሲወጠር ይቆይና እንደ ተለቀቀ ላስቲክ ይመለሳል አለችኝ። ያኔ ሌሊት በሆነበት በሰሜን በኩል ሰማዩ ይበራል። አንተ ከሥራ ስወጣ አየሁት ያልከኝ አረንጓዴ ብርሃን እሱ ነው። ንዝረቱ ግን እዚህ ምድር ወገብ ድረስ ይመጣል። ቀን ቀን በአናታችን ላይ፣ እጅግ ከፍ ብሎ፣ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል አሉ፤ ትንሹ ንዝረት ያንን ጅረት ሲነካው እኛ ዘንድ ጎልቶ ይታያል። የሩቆቹን ጣቢያዎች ወረቀት አምጥታ ጎን ለጎን አስቀመጠችልኝ። በዚያችው ደቂቃ ሁሉም ተናውጠዋል። በቀይ የተከበበው የሰማይ ነው አለች።

ቀጥላ ጣቷን ወደ ቀኝ ገፋ አደረገችና፣ ብረትማ መስመሩን እንደ ደረጃ ነው የሚሰብረው፣ ይኸውልዎት እማማ፣ እዚህ ጋ አንዱ ዝንጉ ገብቶ ወጥቷል ብላ ሳቀች። ከጥፍር የማትበልጥ ደረጃ ናት፤ አለቃው እንኳ አላያትም። ባልዲዬ ናት።

አየህ ልጄ፣ አባትህ እውነቱን ነበር። አለቃው ባያምነው ባልከፋ፤ ከገዛ ቤቱም የሚያምነው አጣ። ስሙ ይታረምለት ብዬ ጽሕፈት ቤት ብሄድ፣ የሞተ ሰው ፋይል ምን ያደርግልሻል አሉኝ። አለቃውም ከሞተ ቆየ። ባለሙያዋ ኮምፒውተሩ ላይ «ምክንያቱ ተፈጥሮ» ብላ ጻፈች። ቀንና ሰዓት እንጂ የሰው ስም የሚገባበት ቦታ የለውም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት የእኔ ነገር ነው።

አንተ የተናገርከው ሳታውቅ ነው፤ እኔ ግን እያወቅኩ ነው። ይቅር በለኝ ለማለት አፌ አልደፈረም። ባልዲዋ አሁንም አለች። ልጥላት አነሳትና መልሼ ወለሉን አጥብባታለሁ።

ባለቤትህን ወገቧን በሙቅ ውሃ ትያዘው በልልኝ። ታናሽ እህትህ ናፍቃሃለች፤ ይህን ነገር ለእሷም ልነግራት አስባለሁ፣ አንደበት ካገኘሁ። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን እግዜር ያክብረው፣ ኮቱ ደረሰው ወይ ብሎ ይጠይቅሃል። ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። ሰማዩ አረንጓዴ የሆነ ጊዜም ወደ መስኮት ውሰዳትና፣ አያትሽ ይህን ሳያየው አውቆት ነበር በላት።

እናትህ
ከመለኪያ ጣቢያው ግቢ
ኅዳር ፲፱ ቀን