አዎ ያላልሽበት ረቂቅ

አስካልዬ፣

ሙት ዓመትሽ ሊደርስ ነው። የምለውን ሰናይት እየጻፈችልኝ ነው። ልጅሽ ከኮንኮርድ የምትመጣው እሁድ እሁድ ብቻ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ እናገራለሁ። ቃሌን እንዳታሳምረው አስጠንቅቄያታለሁ።

ቤቱ ያው ነው፤ ኦክላንድም ያው ነው። የፋክሱን ማሽን ግን ሰናይት ነቅላ ወሰደችው። ያ ማሽን ከሳን ሆዜ የተላከልሽን ወረቀት ሲተፋ አንቺ ከምድጃው ተነስተሽ ስትሮጪ፣ ሽሮው ሲያርር፣ እኔ ስቆጣ፣ ያ ሁሉ ቀረ። አሁን ሽሮዬ አያርርም። አይጣፍጠኝምም።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። አንቺ ግን ዕድሜሽን ማተሚያ ቤት የፈጀሽ ሰው ነሽ። ፊደላችን ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባበትን ስታንዳርድ የሚያዘጋጁት የሳን ሆዜ ልጆች ረቂቁን እንድታዪላቸው ሲለምኑሽ፣ አብሬሽ ስመላለስ ኖርኩ። እስከ ፍሪሞንት በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ቤት ስንገባ ረቂቁን ጮክ ብለሽ ታነቢልኛለሽ። አንዱም አይገባኝም፤ ቢሆንም ቀጥይ እልሻለሁ። ድምፅሽን ነበር የምሰማው።

በመጨረሻው ረቂቅ አልተስማማሽም። ይህ ነገር አንዴ ከጸደቀ አይነቀልም፣ አገር ቤት ያሉ አታሚዎች ሳያዩት አይጽደቅ አልሽ። ልጆቹ ደግሞ ካረፈድን ሌላ ሰው ይወስንልናል አሉ። ተቃውሞሽን ጽፈሽ ላኪ ተባልሽ። ሳትልኪው ሆስፒታል ገባሽ። ከዚያ የሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ።

በቀደም ሰብሳቢያቸው ዳንኤል ደወለልኝ። ረቂቁ ሲንከባለል ከርሞ ጸድቋል፣ መጽሐፍ ሆኖ ሊታተም ነው፤ ካጸደቁት ሰዎች መጀመሪያ የሚሰፍረው የእትዬ አስካለ ስም ነው አለኝ፣ ደስ ብሎት። እሷ እኮ አልተስማማችም አልኩት። ደንባችን፣ እስከ ዴድላይኑ መልስ ያልሰጠ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል አለኝ። ክብር ሊሰጥሽ ነው ልጁ፣ ክፋት የለውም። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

ሽምግልና ስንቀመጥ ዝም ያለውን ሰው አንተስ ሳንል ተነስተን አናውቅም። ያውም ያንቺ ዝምታ! አንቺ መቼ ነው ዝም ብለሽ ተስማምተሽ የምታውቂው? ኤል ሴሪቶ ያየሁትን አሮጌ መኪና ልግዛው ስልሽ ዝም አልሽ። ገዛሁት። አንድ ቀን ሳትገቢበት ተሸጠ። ሳን ሆዜ በባቡር የተንከራተትነውስ ለምን ሆነና?

ቅዳሜ ብቻዬን ሄድኩ። ፍሪሞንት ላይ አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄደ፤ የቱ እንደሆነ የምታነቢልኝ አንቺ ነበርሽ። ስደርስ ልጆቹ ተነሱልኝ፣ ነፍስ ይማር አሉኝ፣ ወንበር ሰጡኝ። የመጣሁበትን ተናገርኩ። ከመሃላቸው አንዱ፣ በቅርብ በዲቪ የመጣ ልጅ፣ ቀስ ብሎ እንዲህ አለኝ።

«አባባ፣ መጽሐፉ ላይ ስም የሚጻፈው ላጸደቀ ብቻ ነው። ስማቸውን ከዚህ ካወጣነው እሳቸው የትም አይገኙም።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ዓይንሽን የጨረሽበት ሥራ ላይ ስምሽ ሊጠፋ ነው። ልጆቹም አላጣደፉኝም።

«አውጡት» አልኳቸው በመጨረሻ። «አዎ ያላለችበት ላይ አትቀመጥም።»

ዳንኤል አልተከራከረኝም። ወረቀቱን አምጥቶ የትኛው አንቺ እንደሆንሽ በጣቱ አሳየኝ። ስምሽ እንዲህ አጭር መሆኑን አላውቅም ነበር። ከዚያ ሰረዘው።

ሰናይት ተቆጥታኛለች። ልጆቼ አያታቸውን በምን ያገኟታል ትላለች። አሁንም እየጻፈች ታለቅሳለች። ታልቅስ። እኔም ወደ ቤት ስመለስ፣ ባቡሩ ውስጥ፣ ሰው እያየኝ አልቅሻለሁ። ደግ አደረግክ የሚለኝ የለም፤ አጠፋህ ብሎ የሚሞግተኝም የለም። እሱ ነው የከበደኝ፣ የሚሞግተኝ ማጣቴ።

መጽሐፉ ያላንቺ ይታተማል። እኔ እንደሆንኩ አላነበውም። ነገር ግን እስትንፋሴ እስካለች ድረስ፣ ቢጠይቁኝም ባይጠይቁኝም፣ ለልጅ ልጆችሽም፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለሚቀመጠው ሁሉ እነግራለሁ፦ አስካለ እዚያ ነበረች፤ እሺ አላለችም።