ስሜን ያልጠራችው ጸሎት

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ዛሬ አስቴር ጉድ ሠራችኝ።

ባሌ ጥሎኝ መውጣቱን የነገርኩት ለእሷ ብቻ ነበር። ሌላው ሰው ሲጠይቀኝ ለሥራ ጅማ ሄዷል ነው የምለው። ዛሬ የሴቶች ጸሎት ላይ «የጸሎት ርእስ ያላችሁ ተናገሩ» ሲባል ቀድማ ብድግ አለች።

«አንዲት እህታችን አለች፤ ስሟ ይቆይ። ባሏ ጥሏት ወጥቷል። እሷ ግን ክፍለ ሀገር ሄደ እያለች ብቻዋን ትቃጠላለች። እዚሁ 18 ማዞሪያ ጋ መጋረጃ ትሰፋለች። ጌታ ያስባት።»

ከእኛ መሐል መጋረጃ የሚሰፋ ከእኔ ሌላ ማን አለ? የቀራት የመታወቂያ ቁጥሬ ነው!

ስንወጣ ክንዷን ይዤ ወደ ጥግ ሳብኳት።

«አስቱ፣ ምን አደረግኩሽ?»

«ውይ! ስምሽን መች ጠራሁ? ቬግ አድርጌ እኮ ነው የተናገርኩት።»

እንግሊዝኛዋ ደግሞ። ታክሲ ውስጥ ቃሉን ስልኬ ላይ ፈለግኩት። በደንብ ያልተገለጸ፣ ማን ወይም ምን እንደሆነ በትክክል የማይለይ ነገር ማለት ነው ይላል። እስካሁን ደጋግሜ አነበዋለሁ። ምናልባት ለእኔ ብላ ይሆናል፣ ምናልባት እውነትም የደበቀችኝ መስሏት ይሆናል እያልኩ ላዝንላት ሞከርኩ።

ግን በጸሎቱ መሐል ዓይኔን ገለጥ አድርጌ ነበር። ሴቶቹ ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እጃቸው ግን ወደ እኔ ተዘርግቷል።

የእሷም።