እማዬ በሰው መዝገበ ቃላት ውስጥ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

አባባ፣ እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፣ ደረጃው አሁንም ያስቸግርዎታል? ሳልዎስ ለቀቀዎት? ሐኪሙ ለዓይንዎ ያዘዘልዎትን መድኃኒት እየተጠቀሙበት ነው ወይስ እንደ ልማድዎ መስኮት ላይ አስቀምጠው እያዩት ነው? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ራስ ምታቱም ትቶኛል። ደህና ያልሆነው ቆሽቴ ነው፤ እሱ አሯል።

ሰሞኑን ለእህቴ ደውዬ፣ የአባባን ካርቶኖች ከዕቃ ቤት ማንም እንዳያነቃንቃቸው፣ ባለሱቁ ለመጠቅለያ ሊወስድ ቢመጣ ከበር መልሺው ማለቴን ሰምተው፣ ይህቺን ልጅ ምን ነካት ሳይሉ አልቀሩም። ባለፈው ደብዳቤዎ፣ የመዝገበ ቃላቴ ካርዶች ዝም ብለው ቦታ ከሚይዙ ለሰው ይጥቀሙ ብለውኝ ነበር። እኔም ይሁን ብዬ መልሼ ነበር። አሁን አይሁን እላለሁ። ምክንያቱን በስልክ መናገር አልቻልኩም፤ ስቆጣ ቃል እንደሚጠፋኝ ያውቃሉ፣ ተርጓሚ ሆኜም አልተሻለኝም። ስለዚህ ልጻፈው። እህቴ ስታነብልዎ ቀስ ትበል፣ እርስዎም መሃል ላይ አያቋርጧት።

የምሠራበትን ቤት ጽፌልዎታለሁ፤ ከጫማ ጠጋኙ በላይ ያለች ክፍል፣ ሦስት ጠረጴዛ፣ አለቃዬ የሚይዘው አንድ ማኅተም፣ ወረቀት እያኘከ የሚተፋ ማተሚያ። የልደት፣ የፍቺና የሕክምና ወረቀት ስንተረጉም እንውላለን። በዚህ ሙያ ሰው ኮቱን ለባልደረባው ያውሳል፣ መዝገበ ቃላቱን ግን አያውስም። ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ባልደረባዬ፣ የሁላችንንም ወረቀት እየለቀመ ስለሚያርም «ነጠላ ሰረዝ» ብለን ስም ያወጣንለት፣ የራሱን በጨርቅ ጠቅልሎ በየቀኑ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። የኔም ብትሆን ጀርባዋ በፕላስተር የተያዘ፣ ዳርና ዳሯ በእርሳስ የተሞላ አሮጊት ነበረች። ተግባብተን እንኖር ነበር።

ባለፈው ወር ፈቃድ የሚሰጠን መሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ ላከ። ከእንግዲህ ተርጓሚ ሁሉ አዲስ የወጣውን ትልቁን መዝገበ ቃላት ከኪሱ ገዝቶ በሱ ብቻ ይሠራል፤ በሌላ የሠራ ወረቀቱ ማኅተም አያገኝም። ተሰልፈን ገዛን። ሻጩ በላስቲክ አሽጎታል፤ ገልጬ ልየው ብለው፣ ከገዙ በኋላ እንደፈለጉ ይገልጡታል አለኝ። ሰው ጫማ እንኳ ሞክሮ ነው የሚገዛ! ቤቴ ወስጄ ስከፍተው ጀርባው ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ። ሽታው የላምባ ነው። ጠርዙ የተቀባው ወርቅ በሁለተኛው ቀን ጣቴ ላይ ቀረ፣ አንዱ ጥራዝ ደግሞ ተዘቅዝቆ ገብቷል። «ቅሬታ»ን ብፈልግ «ቅያሜን ተመልከት» ይለኛል፣ ወደ «ቅያሜ» ብሄድ «ቅሬታን ተመልከት»፤ ነገ ተመለሺ እንደሚል የቢሮ ሰው ያመላልሰኛል። መግቢያው ላይ ግን አዘጋጁ ስለ ራሱ ስድስት ገጽ ጽፏል፣ እሱ ላይ ምንም አልጎደለም።

እዚህ ድረስ ያለው የሁላችንም ንዴት ነው። የኔ የብቻዬ የመጣው ማክሰኞ ዕለት ነው። አንዲት ሴትዮ የሐኪም ወረቀት ይዘው መጡ። «መደንዘዝ» የሚል ቃል አለበትና አቻውን ላረጋግጥ ብዬ «ደነዘዘ»ን ገለጥኩ። ከትርጉሙ ሥር እንዲህ ይላል፦ «የባለቤቴ ግራ እጅ ስለደነዘዘ መርፌው ይወድቅባታል።» አንብቤ አለፍኩት። ከዚያ ዓይኔ ተመለሰ። በግራ እጇ የምትሰፋ ሴት እኔ በሕይወቴ ያየሁት አንዲት ብቻ ናት።

ሴትዮዋን ትንሽ ይታገሱኝ ብዬ «መርፌ»ን ፈለግኩ፦ «ባለቤቴ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ታወራለች።» «ሹክሹክታ»ን፦ «ባለቤቴ ስትቆጣ ድምጿ ወደ ሹክሹክታ ይወርዳል።» «ተቀያየረ»ን፦ «በትልቋ ልጄ እግር ላይ የግራና የቀኝ ጫማ ሁልጊዜ እንደተቀያየረ ነው።» እኔ ነኝ እኮ፣ አባባ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ሕዝብ ሁሉ ጫማ አደራረጌን እያነበበ ነው። ከ«ደ» ወዲህ ደግሞ የሚሆነውን እርስዎ ያውቁታል። «ገረጣ — ባለቤቴ ዛሬ ከትናንት ይልቅ ገርጥታለች።» «ግድግዳ — ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዋለች።» «ጠብታ — ዛሬ ከጥቂት ጠብታ ውሃ በቀር አልቀመሰችም።» ከዚያ በኋላ «ጨ» ይመጣል። «ጨለማ — ብርሃን የሌለበት።» አለቀ። እስከ መጨረሻው ፊደል ድረስ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሰው አያልፍም። ከቀብሯ ስንመለስ የካርዶቹን ሳጥን ከድነው፣ በቃኝ ያሉት ታወሰኝና ሴትዮዋ ፊት አለቀስኩ። ምስኪን፣ ከበሽታቸው የባሰ ነገር ያነበብኩባቸው መስሏቸው ደነገጡ።

እነዚያን ካርዶች ለየትኛው ማተሚያ ድርጅት እንዳስገቡ ላስታውስዎ አያሻም። ሁለት ዓመት አስቀምጠው፣ ምሳሌዎቹ የቤት ወሬ ስለሆኑ ለሕትመት አይበቁም የሚል አንድ ገጽ ጨምረው መለሱልዎ። ያንን ገጽ የፈረመው መርማሪና የዚህ መጽሐፍ አዘጋጅ አንድ ሰው ናቸው። ይህ ብቻ ቢሆን እሱን ብቻ ተጠይፌ ባበቃሁ። ግን ያኔ ደብዳቤውን ያነበብኩልዎ እኔ ነበርኩ። አዲስ ተርጓሚ ሆኜ አፌ የማይዘጋበት ጊዜ ነበር፤ ልክ ነው እኮ አባባ፣ መዝገበ ቃላት እንዲህ አይጻፍም አልኩዎ። እርስዎም ካርዶቹን ካርቶን ውስጥ መልሰው ከተቱ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልነኳቸውም። ሌባው ወሰደ፣ እኔ ደግሞ እንዳይጠይቁ አፍዎን ዘጋሁ። ይህን ስጽፍ ራሴንም እጠየፋለሁ።

ሐሙስ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ስለ አጠቃቀሙ እንዲያስተምረን ብሎ ሰውየውን ጋበዘልን። አዳራሹ ሞላ። ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ፣ ዕድሜዬን የሰጠሁበት ሥራ ነው ብሎ ጀመረ። ፊቱን በጥሬ ጨው የታጠበ ሲባል እሰማ ነበር፣ በዓይኔ አየሁ። ጥያቄ ያለው ሲባል እጄን አወጣሁ።  «ደነዘዘ» ሥር ያለችው ሴት ማን ናት ብዬ ጠየቅሁት። ፈገግ ብሎ፣ እመቤቴ፣ እሱ እኮ ምሳሌ ነው፣ እንዲህ ያለች ሴት የለችም አለኝ። አዳራሹ ሳቀ። አለቃዬም ሳቀ።  ነበረች፣ ግራኝ ነበረች አልኩና ቃል ጠፋኝ፤ ተቀመጥኩ።

ከዚያ አለቃዬ ጠራኝና፣ እንግዳችንን አዋርደሻልና ይቅርታ ጠይቂው፣ አለዚያ ማኅተም እነፍግሻለሁ አለኝ። እምቢ አልኩ። ሰባት ዓመት አብሬው ስሠራ ከስህተቴ በቀር ነገሬን ሰምቶ የማያውቀው ነጠላ ሰረዝ ግን አርብ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ወረቀት አኖረ። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አበጥሮታል። «ባለቤቴ» የሚለው መቶ ስልሳ ሁለት ቦታ፣ «ልጄ» የሚለው ዘጠና ቦታ፣ ከ«ጨ» ጀምሮ አንድም የለም። ከታች ከመግቢያው አንዲት መስመር ገልብጦ በቀይ አስምሮባታል። አዘጋጁ በራሱ እጅ እንዲህ ብሏል፦ «ለዚህ ሥራ ስል ትዳር ሳልይዝ፣ ልጅ ሳልወልድ ኖሬያለሁ።» አባባ፣ ሲሰርቅ እንኳ አንብቦ አልሰረቀም! ሚስት የሌለው ሰው መቶ ስልሳ ሁለት ጊዜ ባለቤቴ ብሎ እየገለበጠ እጁ አልተደናቀፈም። ነጠላ ሰረዝ ያንን በጨርቅ የሚጠቀልለውን መዝገበ ቃላቱን ከጎኔ አስቀምጦልኝ ወጣ።

አሁን ለፍርድ ቤት ማመልከቻ ጽፌያለሁ። ካርዶቹ በእጅዎ የተጻፉ ናቸው፣ እያንዳንዳቸውም ላይ ቀን አለ። የሚያስፈልገኝ የእርስዎ ውክልና ነው፣ አንዲት ፊርማ። ካርቶኖቹን ለማስረጃ ወደ እኔ ከመላካችሁ በፊት እህቴ ካርዶቹን ልትቆጥራቸው ይገባል።

ለእህቴ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ስልክ ላይ የጮኽኩባትን ትርሳልኝ። ለባሏም፣ ወገቡ ካልተሻለው ካርቶን እንዳያነሳ ንገሩት። ለመንታዎቹ እንደ ቁመታቸው ሳይሆን እንደ ጩኸታቸው መጠን ሳምኳቸው በሉልኝ። ለአክስቴ፣ የላከችልኝ ሹራብ ደርሶኛል፣ እጅጌው ረዝሞ ሁለት ሰው ያስገባል፣ ግን ይሞቃል። ለባለሱቁም ጋዜጣ እንልክልሃለን፣ ካርዱን እርሳው በሉት።

አባባ፣ ጠብ እንደማይወዱ አውቃለሁ። ይህን ሰምተው፣ ተዪው ልጄ፣ ለሰውየው ይሁንለት ሊሉኝ እንደሚችሉም አውቃለሁ። ድካሙን ይተዉለት፣ የእርስዎ ነውና መብትዎ ነው። ስሙንም ይተዉለት። እማዬን ግን እኔ አልተውለትም።

ልጅዎ

ከተከራየሁት ክፍል፣ ኅዳር 12 ቀን፣ እሑድ